የቀብሩ ክራር

በሕይወቴ እምላለሁ፣ አንዲትም ቃል አልዋሸሁም።

በወጣትነቴ አንድ ፊልም ላይ፣ በቀብሩ ትዕይንት የሚሰማውን ክራር የመታሁት እኔ ነኝ። ይህን ሁልጊዜ የሚጠራጠረው ጎረቤቴ ሐጎስ፣ ፊልሙ ታድሶ በቴሌቪዥን ሲመጣ መቐለ፣ ሓወልቲ ሰፈር ወዳለ ካፌ ወሰደኝ። "ያንተ ጣት ክራር ላይ አይጠፋኝም፤ ዛሬ ይለይልናል" አለ።

ፊልሙ ላይ አስከሬኑ ሲወጣ ክራሩ የለም፤ ሲያድሱት በምትኩ የሠርግ ከበሮ አስገብተውበታል። መቐለ ደግሞ ከበሮ እየተመታ የሚቀመጥ ሰው የለም። አስተናጋጇ ከነትሪዋ ሳትቀር ካፌው በሙሉ ተነስቶ ቴሌቪዥኑ ፊት እየዞረ ጨፈረ።

ሐጎስ ድንገት ቆመ። "ኣታ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ክራርህን አወጡብህ?" ብሎ አቀፈኝ። ጨፋሪውም ተሰልፎ "እግዜር ያጽናህ" አለኝ። እንባዬ መጣ።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ የፈጠርኩት አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ናት፤ ክራሩን የመታሁት እኔ አልነበርኩም።