ለቀስተኛ መስዬ የገባሁበት ቤት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ነግሬያቸው አላውቅም። ሌላውን ሁሉ ነገርኋቸው፤ ስካሩን፣ ሐሜቱን፣ ጾም መሻሬን። ይችን ግን በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ እስከ ጉሮሮዬ አመጣትና መልሼ እውጣታለሁ። እንግዲህ አንባቢዬ፣ አላውቅህምና አንተ ስማኝ።

ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎንደር ተቀምጬ አዲስ አበባ ለሚታተም ጋዜጣ ወሬ እልክ ነበር። ስሜ ታትሞ ሳየው ምሳዬን የምረሳ ሰው ነበርሁ። አዘጋጁ "ከጎንደር የሚመጣው የዝናብና የሹመት ወሬ ብቻ ነው" ብሎ ስለጻፈልኝ ሲከነክነኝ ሰንብቷል። በዚያው ሰሞን አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ አንድ ገበሬ ራሱን ገደለ ብሎ አንድ ሹፌር በጆሮዬ ነገረኝ። ቦርሳዬን አንግቼ በጭነት ማኪና ወጣሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን እንዳታሳልፈው፤ ኃጢአቴ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ልቅሶ ቤት የገባን ሰው ምን ልትሠራ መጣህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ያደግሁበት ነውና አውቀዋለሁ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ገባሁ፤ ከንፈሬን መጠጥሁ፤ ንፍሮ ዘገኑልኝ፤ በላሁ። ሟቹ አያ ገብሬ ይባላል። ሚስቱ ጥሩነሽ አጠገቤ ተቀምጣ አጫወተችኝ።

"ከኅዳር ወዲህ እንቅልፍ የለው፣ እህል የለው። በሬዎቹን እንኳ በስማቸው መጥራት ተወ። ሰው የድንበር ክርክር ተረትቶ ነው ይላል፤ ክርክሩንማ ረስቶት ነበር።"

የነፍስ አባቱ መምሬ ተገኘም ወደ ውጭ ወሰድ አደረጉኝ። "ልጄ፣ የሰው እግሩ እንደሚታመም ሐሳቡም ይታመማል። አእምሮው ከእሱ ጋር ቢሆን ፍትሐት ባልተገባው። መታመሙን ስለማውቅ ጸሎቱን አድርሼ ቀበርሁት" አሉኝ።

ሁሉንም ሰማሁ። ከቤቱ ጀርባ ዞሬ ደብተሬ ላይ አሰፈርሁት። ጎንደር ስመለስ ግን ሕመሙን ቆርጬ አወጣሁት። ሕመም ምን ወሬ አለው? ራስጌው ላይ "በድንበር ክርክር የተረታ ገበሬ ራሱን ገደለ" ብዬ ጻፍሁ። የት እንደሆነ፣ በምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሆነ፣ መንገድ እንደሚያሳይ ሰው ዘረዘርሁት። ያን ወረቀት ይዞ ልቡ የጨለመበት ሌላ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ አሰብሁ? አላሰብሁም። ዛሬ ያን ዝርዝር አልደግመውም፤ አንተም አትፈልገው።

ጋዜጣው አምባ ጊዮርጊስ ደረሰ። አንድ ጸሐፊ በገበያ ቀን ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበው። ሰው ቀድሞም ያውቅ ነበር፤ ለሟች ብሎ አፉን ይዞ ነው እንጂ። የታተመውን ማን ይይዘዋል? የድንበር ባላጋራው ወረቀቱን ይዞ የካህናቱ አለቃ ዘንድ ገባ። ታሞ ነበር ቢባል፣ የታተመው ላይ ሕመም የሚል የለም። መምሬ ተገኘ ከቅዳሴ ታገዱ። በአርባው ቀን ጥሩነሽ ጠላውን ጠምቃ ዳሱን ጥላ ብትጠብቅ፣ ካህን የሚባል ዝር አላለም። ካህን ባልቆመበት ተዝካር ጎረቤትም አልተቀመጠም።

ከዚያ በእግሯ ጎንደር ድረስ መጣች። አልሰደበችኝም።

"ምነው ወንድሜ፣ ልቅሶ የደረስህ መስሎኝ ነው የነገርሁህ። አሁንም ሰማንያው ሳይደርስ ታሞ ነበር ብለህ ጻፍልኝ። ሁለት መስመር ይበቃኛል።"

"ጋዜጣ አንዴ ያለውን አይመልስም" አልኋት።

ውሸት ነበር። ብልከው ይታተም ነበር። አዘጋጁ ወሬዬን አመስግኖ በጻፈልኝ ማግስት ተሳሳትሁ ማለት አሳፈረኝ። እሷ ባሏን ታስምርበት ዘንድ የለመነችኝን ሁለት መስመር፣ እኔ ለስሜ ስል ነፈግኋት። እኔ ነኝ፤ አዘጋጁም አይደለም፣ ባላጋራውም አይደለም። "እግዜር ይስጥህ" ብላኝ ሄደች።

ሰማንያው አለፈ። ሙት ዓመቱም አለፈ። መምሬ ተገኘ ዳግመኛ ሳይቀድሱ ሞቱ። ጥሩነሽ አገር ለቃ ሄደች፤ ወዴት እንደሄደች የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ወጣት ነበርሁ ልል ነበር፤ ተውሁት። የሚያስተምረኝ አልነበረም እንዳልል መምሬ አስተምረውኝ ነበር። ይቅር በለኝም አልልህም፤ የበደልሁት አንተን አይደለም። የለመነችኝን ግን ይኸው ጽፌዋለሁ።

አያ ገብሬ ታሞ ነበር።
የሞተው ከዚያ ሕመም ነው።

እባክህ ጮክ ብለህ አንብበው። ያኛውም የተነበበው ጮክ ተብሎ ነው።