ተቀበይ ሲሏት

የአክስቴ ልጅ ያደገችው ንፋስ መውጫ ሰንበት ትምህርት ቤት ስትዘምር ነው። ሠርግ ላይ መዝፈን ስትጀምር የመዘምራን ልብሷን መልሺ አሏት፤ መለሰች። ድምፅዋ ግን አልተለወጠም። ሙሽራ ስታሞግስም ንስሐ የምትገባ ይመስላል፤ ሰው የሚወዳትም ለዚህ ነው።

ግጥም የምሰጣት እኔ ነኝ። ቅኔ ማንም እንዳላስተማረኝ አትረሳም። "አንተ ባለቅኔ፣ ዛሬስ ቤት ይመታል?" ትለኛለች።

ዘንድሮ በጥር፣ ወገዳ ከተማ አጠገብ ሠርግ ተጠራን። ስንሄድ አንድ ነገር ለመነችኝ፤ "ተቀበይ የሚል ከመጣ ከአጠገቤ እንዳትርቅ።"

እንግዳ ተነሥቶ "ተቀበይ" ካለ ዘፋኟ የሰጣትን ስንኝ ተቀብላ ታዜማለች። እምቢ ማለት ሰውየውን በአደባባይ መስደብ ነው። ድሮ ስንኙ ስለ ፍቅር ነበር። አሁን ጠመንጃ ስለያዙ ሰዎች ሆኗል፤ ስልክ ደግሞ ሁሉንም ይቀርጻል። አንዱን ወገን ያወደሰች እንደሆነ ሌላው ቤቷ ድረስ ይመጣል።

ዳሱ ሞቅ ብሎ ሳለ አንድ ጋቢ የደረበ ሰው ከጥግ ተነሣ። ከጋቢው ሥር የአፈሙዝ ጫፍ ይታያል። የማን ዘመድ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ጭብጨባው ቆመ፣ ስልኮች ወደ እሱ ዞሩ።

"ተቀበይ፣ እቴ" አለ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

እሷ እኔን አየችኝ። ሰውየው ስንኙን ሳይጀምር ቀደምኩትና "ተቀበይ" ብዬ ጮህኩ። የመጣልኝን ወረወርኩላት፤

*እናትሽን አትያት፣ እንባዋ ያስቀርሻል፤*
*መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሳይመሽ ይሻልሻል።*

ወዲያው ተቀበለችኝ። እየደጋገመች ስታዜመው የሙሽራዋ እናት ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። አባትየው ወደ ሰውየው ጎንበስ ብለው "ልጁ ጠጥቷል፣ አይቀየሙት" አሉት። ጠላ አልቀመስኩም ነበር።

ሰውየው ተቀመጠ። ዘፈኑ ሲያልቅ መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ።

"ግጥሙ ያንተ ነው?"

"አዎ።"

"ግሩም ነው። እንግዲህ ለእኛም ትጽፋለህ፣ እሷ ታዜመዋለች። ስንፈልጋችሁ እንመጣለን።" ቤታችን የት እንደሆነ አልጠየቀም።

ከወገዳ ወጥተን መኪናው ዳገቱን ሲይዝ፣ "እኔ እኮ የፈራሁት አንድ ዘፈን ነበር" አለች።

ሳልፈልገው ለእነሱ የምጽፈው የመጀመሪያው ስንኝ እየመጣልኝ ነበር።