ጆሮ የሚታይበት ፎቶግራፍ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም። ለባሌ አልነገርሁትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኋቸውም፤ እንዴት ብዬ ልንገራቸው? እሳቸውም ጥምጣም ጠምጥመው ነው የሚመጡት፤ ጥምጣም ባየሁ ቁጥር ደግሞ አፌ ይያዛል። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ። የማታውቁኝ ስለሆናችሁ ይቀለኛል።

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ጸሐፊ ነበርሁ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ በጽሕፈት መኪና መጻፍ የምችል እኔ ብቻ ስለነበርሁ ራሴን ትልቅ ሰው አድርጌ አያለሁ። አንድ ፋብሪካ የሠራተኞቹን ቱታ እንድንሰፋለት ፈለገ፤ ግን ማኅበሩ በስሙ የባንክ ሒሳብ ካልከፈተ ውል አልፈርምም አለ። እስከ ወሩ መጨረሻ ቀን ሰጠን። ሥራ ከጠፋ ከርሞ ነበርና ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸውን አቧራ እያራገፉ የእኔን መምጣት ይጠብቁ ጀመር።

ጣጣው የገንዘብ ያዣችን የመሪጌታ ላቀው ወረቀት ነበር። መሪጌታ ካባና ላንቃ ሲሰፉ የኖሩ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፤ ገንዘብ ያዥ የሆኑትም ሰው ሁሉ ስለሚያምናቸው ነው። ባንኩ ማንነታቸውን የሚያረጋግጥ የቀበሌ ደብዳቤ ጠየቀ። ቀበሌያቸው ዓባይ ማዶ ነው፤ ድልድዩን በፀሐይ ተሻግሬ ስሄድ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ናቸው። በማግሥቱ ስሄድ ሊቀመንበሩ አሉ፤ የማኅተሙን መሳቢያ ቁልፍ የያዘው ሰው ስብሰባ ነው። ደብዳቤው ሲጻፍ ባንኩ ቁጥር የለውም አለ፤ ቁጥር ሲሰጠው ፎቶ አልተለጠፈበትም አለ። ፎቶ ተለጥፎበት ስወስደው የባንኩ ሠራተኛ፣ «ጆሯቸው አይታይም። ጥምጣሙን አውልቀው ይነሡ» ብሎ መለሰኝ። ምናለ ይህን መጀመሪያ ቢነግረኝ? አምስት ጊዜ መስኮቱ ፊት ቆሜ አላየኝም?

መሪጌታን ለመንኋቸው። «ልጄ፣ ራሴን ገልጬ ወረቀት ላይ አልቀርም። ሌላ ገንዘብ ያዥ ምረጡ፤ እኔ አልቀየምም» አሉኝ። ሌላ መምረጥ ማለት ጉባኤ መጥራት፣ ቃለ ጉባኤ መጻፍ፣ ማኅተም ፍለጋ እንደገና መንከራተት ነው። የቀረን ደግሞ አራት ቀን ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያች ሰዓት የጠላሁት ባንኩንም ቀበሌውንም አይደለም፤ እኚያን የዋህ ሽማግሌ ነው።

በማግሥቱ ታናሽ ወንድማቸው አያሌው ቡና ይዞ ከዘጌ በጀልባ መጣ። ቁርጥ መሪጌታን ነው፤ ያው ዓይን፣ ያው ጢም፤ ጥምጣም ብቻ የለውም። «ወንድምህ ለማኅበሩ ወረቀት ፎቶ ይነሣልኝ ብለዋል» አልሁት። ዋሸሁት። ወንድሙን እንደ አባት ነው የሚያከብረው፤ ለምን ሳይል ተነሣ። እኔ ነኝ ፎቶ ቤት የወሰድሁት። እኔ ነኝ የፊተኛውን ፎቶ አንሥቼ ደብዳቤው ላይ የለጠፍሁት። የቀበሌው ጸሐፊ እኔን ማየት ሰልችቶት ስለነበር ቀና ብሎ ሳያይ ማኅተሙን መታበት። የፊርማውን ቅጽ ቢሮ ወስጄ፣ «ባንኩ በፊተኛው ፎቶዎ ተስማማ» ብዬ መሪጌታን አስፈረምኋቸው። ሒሳቡ ተከፈተ! ሰፊዎቹ እልል አሉልኝ፤ እኔም ተኮፈስሁ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የቼኩን ደብተር ገንዘብ ያዡ በአካል ቀርቦ መቀበል እንዳለበት አልጠየቅሁም ነበር። መሪጌታ ሊቀበሉ ሄዱ። ሠራተኛው ፎቶውን አየ፤ እሳቸውን አየ፤ «ጥምጣምዎን ያውልቁ» ቢላቸው እንቢ አሉና ዘበኛ ጠራ። በዚያ ዘመን በሌላ ሰው መልክ ወረቀት ማሠራት ቀላል ነገር አልነበረም። ወደ ቀበሌ ወሰዷቸው፤ እኔንም አስጠሩኝ።

ስገባ ጥምጣማቸውን በገዛ እጃቸው ፈትተው በብብታቸው ይዘዋል፤ ከፎቶው ጋር ሊያስተያዩአቸው አዘዋቸው ነው። ለካ መሪጌታ ራሰ በራ ናቸው። ያን ሁሉ ዓመት አብረናቸው ስንሠራ ማንም አላወቀም። የአያሌው ፀጉር ግን ጥቅጥቅ ያለ ነው።

የአብዮት ጥበቃው ፎቶውን ከፊታቸው ደቅኖ፣ «ይህ ማነው?» አላቸው። አዩት። የእናታቸውን ልጅ ላያውቁት ነው? ቀጥለው እኔን አዩኝ። ገባቸው።

«የማን እንደ ሆነ አትጠይቁኝ። ፎቶውን የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ ይች ልጅ ምንም አታውቅም» አሉ።

ጥበቃው ወደ እኔ ዞረ። «እውነት ነው?»

«አዎ» አልሁ።

የምናዘዘው ያችን አንዲት ቃል ነው። ለመናገር ጊዜ አጥቼ ነው? ሁለት ወር ሲታሰሩ በየቀኑ በእስር ቤቱ በር አልፌአለሁ። ከማኅበሩ ሲሰረዙ ቃለ ጉባኤውን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ «በማታለል ተግባር» የሚለውን ቃል የመረጥሁትም እኔ ነኝ። አያሌው ሄጄ ልናገር ቢል ዝም እንዲል ያስማሉት እሳቸው ናቸው፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ፈርተው ነው። ከተፈቱ በኋላ መንገድ ላይ አገኘኋቸው፤ «ደኅና ነሽ ልጄ?» ብለው አለፉ። ምነው በሰደቡኝ! እኔ ግን ሌላ ገንዘብ ያዥ ተተክቶ ውሉ ስለጸና፣ ቱታው ተሰፍቶ እስኪያልቅ ብዬ ጠበቅሁ። ከዚያ እሳቸው ሞቱ። ከዚያ ደርግም ወደቀ። ከዚያስ ምን አስፈራኝ? ምንም። ዝም ማለት ለምዶብኝ ነው።

ባንኩን አላማም፣ ቀበሌውንም አላማም። እንደ እኔ የተመላለሰ ስንት ሰው አለ፤ ሁሉም ሰው አላሳሰረም። ይቅርታ ልጠይቃቸው የሚገባኝ ሰው አፈር ከለበሱ ቆይተዋል። ልጃቸው ግን እዚሁ ባሕር ዳር አለች። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ውስጥ አንዱ፣ «አባትሽ እኮ ሐሰተኛ ወረቀት ያሠሩት ናቸው» ሲላት አንገቷን ስትደፋ አይቻለሁ፤ ከጎኗ ነበር የተቀመጥሁት። አላሠሩም። እኔ ነኝ ያሠራሁት። ይህን ለእናንተ የጻፍሁትን ወረቀት ነገ በእጄ እወስድላታለሁ፤ አንብባ በሯን ብትዘጋብኝ እውነት አላት።