ከአልጋ ሥር ያደረው እንግዳ

ወርቅውሃ ሰው አታምንም። ይኼ ሐሜት አይደለም፤ ኻርቱም፣ ቡሪ ሰፈር ያለ ሰው ሁሉ፣ ከዳቦ ሻጩ እስከ ባለ ሦስት እግሩ ረክሻ ነጂ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የሚመሰክረው ነው። ሐብሐብ ስትገዛ ካልተቆረጠ አትከፍልም፤ ተቆርጦ እንደ ደም ቀይ ሆኖ ብታየው ደግሞ «ምን ቢቀቡት ነው እንዲህ የቀላ?» ትላለች። ረክሻ ተሳፍራ ቤቷ ደጃፍ ወርዳ አታውቅም። ሁለት ቤት አልፋ ትወርዳለች፣ ነጂው ዞሮ እስኪጠፋ ቆማ ታያለች፣ ከዚያ ተመልሳ ትገባለች። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ለጨዋታ ይተርተዋል፤ እሷ ግን ትኖረዋለች።

ከሁሉም በላይ አንድ ሕግ አላት፤ ስሙን ከነአባቱ ያልተናገረ ሰው የቤቷን ደጃፍ አያልፍም።

ሕጉ ከሰማይ አልወረደም። ወጣት ሆና ከጎንደር በመተማ በኩል ኻርቱም በገባች ሰሞን፣ ሱቅ ዐረቢ ገበያ መሀል ቆማ አውቶቡሱ፣ ጩኸቱ፣ ፀሐዩ አናቷን ሲያዞረው፣ አንድ ያገሯ ልጅ ከየት መጣ ሳትል ብቅ አለ። ፈገግታው ማር! «እህቴ፣ አይዞሽ፣ እኔ በነጻ አደርስሻለሁ» አላትና ሻንጣዋን ተሸከመላት። ሰዉ መሀል ገባ፤ እንደገባ ቀረ። ሻንጣው ውስጥ የእናቷ ጥልፍ ቀሚስ ነበረበት። እሷን እስከ ዛሬ የሚያንገበግባት ግን ቀሚሱ ብቻ አይደለም። «ስሙን እንኳ ብጠይቀው ኖሮ ስሙን ጠርቼ እረግመው ነበር» ትላለች። «ስም የሌለውን ሰው እንዴት አድርገሽ ትረግሚዋለሽ? እርግማኑ የት ይሄዳል?»

ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ የባሏ ነገር ነው። ኦስማን የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ደግ ሰው፣ እናቱን በዓይኗ አይታ፣ ጎረቤቶቹን ጠይቃ፣ አጣርታ ያገባችው። ሲታመም ሐኪም ቤት አስተኙት። አንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው መጣ፣ አየው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ሄደ። ተመልሶም አልመጣ። ኦስማን በማግስቱ ሲያርፍ ወርቅውሃ በየኮሪደሩ «ያ ሰውዬ ማን ይባላል?» እያለች ብትጠይቅ የነገራት አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ነጭ ጋዋን ስታይ ልቧ እንደ በር ይዘጋል።

እንግዲህ የዚችው ሴት ልጅ ናት ሐኪም ልሁን ያለችው! አምላክም ቀልደኛ ነው እኮ።

ሚያር የኦስማንና የወርቅውሃ አንድ ፍሬ ናት። ዐረብኛዋ እንደ አባይ ውሃ ይፈስሳል፤ አማርኛዋ ግን ትንሽ ያነክሳል። እናትዬው እዚያው ኻርቱም ያለውን የሪያድ ሰፈር ቪላዎች መጋረጃ እየሰፋች ነው ያስተማረቻት። በዚያ በሁለት ሺህ አሥራ አራት ክረምት የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያው የሸሃዳ ፈተና ውጤት ሲወጣ ሚያር ያመጣችው ነጥብ ሰፈሩን በእልልታ አናወጠው። ወርቅውሃ ብቻ «እርግጠኛ ናቸው? የሌላ ሰው እንዳይሆን» አለች። ሕክምና ለመግባት ግን ከነጥቡ በኋላ አንድ ነገር ይቀራል፤ መምህራን ፊት ቀርቦ መጠየቅ። እዚያ የወደቀ፣ ነጥቡ ሰማይ ቢነካም ወደ ሌላ ትምህርት ይገፋል።

በዚያ ሰሞን ነው ሁለት ተማሪዎች በሩን ያንኳኩት።

«አሰላሙ ዐለይኩም ያ ኻልቲ፣ አክስቴ! የሚያር ቤት ነው?» አለች ሻርፗ ሐምራዊ የሆነ ሳቂታ ልጅ።

«ማን ልበል?» አለች ወርቅውሃ በሩን በእግሯ ደግፋ።

«ወላእ እባላለሁ፤ የሕክምና ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ይኼ ሙአየድ ነው፤ ከእኔ አንድ ዓመት ይበልጣል። አዲስ ለሚያመለክቱ ልጆች ለጥያቄው እንዲዘጋጁ እናግዛለን።»

«የአባትሽስ ስም?»

ወላእ ግራ ገብቷት ጓደኛዋን አየችው። «ከቢር… ወላእ ከቢር።»

«አንተስ?»

«ሙአየድ መርዋን፣ ያ ኻልቲ» አለ ልጁ ፈጠን ብሎ፤ እንደ ወታደር ቀጥ ማለት ብቻ ነው የቀረው።

«ስንት ነው የምታስከፍሉት?»

«መጃን ነው! በነጻ!» አለች ወላእ፣ ደስ የሚያሰኝ ነገር የተናገረች መስሏት።

አይ ወላእ! ከቃል ሁሉ መርጣ ያችን ቃል! የወርቅውሃ ጆሮ ቆመ። ከሚያር ልመና የተነሳ አስገባቻቸው እንጂ ውሃ እንኳ ያቀረበችላቸው በሦስተኛው መምጣታቸው ነው። እነሱ ግቢው ውስጥ ሲያስጠኑ እሷ የስፌት መኪናዋን በሩ ላይ አስጠግታ፣ ፔዳሉን እየረገጠች፣ አንድ ጆሮዋን መጋረጃው ላይ፣ አንድ ጆሮዋን እነሱ ላይ አድርጋ ትሰፋለች።

«ለምን ሐኪም መሆን ፈለግሽ?» ትላለች ወላእ እንደ መምህር ፊቷን ኮስትራ።

«የሰው ልጅን ለማገልገል» ትላለች ሚያር።

«ኩዌስ! ጎበዝ! ፈገግ እያልሽ!»

ወርቅውሃ ክሩን በጥርሷ ቆርጣ «እኔ ብሆን አላምንሽም» ትላለች በአማርኛ።

«ማማ! እነሱ ጥሩ ነው ወላሂ! ለምን እንዲህ ትላለህ?» ትላታለች ሚያር፤ ስትናደድ እናቷን ወንድ ታደርጋታለች።

ነገሩ የከረረው ወላእ ስለ ደም የጠየቀች ቀን ነው። «የደም ዓይነትሽን ታውቂያለሽ? ካላወቅሽ ሙአየድ በነገው ዕለት ይወስድሻል፤ ምዝገባ ላይ ይጠይቁሻል» ስትል ወርቅውሃ ሰማች። ፔዳሉ ቀጥ አለ። ደም? ማታውኑ ጎረቤቷ የኔነሽ ዘንድ ሮጠች። የኔነሽ ደግሞ በእሳት ላይ ጭድ መጨመር የተካነች ናት።

«ውይ ወርቄ! በረሃ ላይ የሐበሻ ኩላሊት እንዴት እንደሚወስዱ አልሰማሽም? መጀመሪያ ደም ነው የሚያዩት። ልክ እንደ ጫማ ቁጥር በይው፤ የሚገጥመውን ነው የሚፈልጉ።»

«ልጆቹ እኮ ስማቸውን ነግረውኛል።»

«ስምማ እኔም ንግሥት ነኝ ልልሽ እችላለሁ!»

ሚያር በማግስቱ ለደም ምርመራ አልሄደችም። እናቷ ሆዴን አመመኝ ብላ አስቀረቻት።

መጠየቂያው ቀን ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ወርቅውሃ የሚያርን ክፍል ልትጠርግ ገባች። ልጅቷ ፎቶ ልትነሳ ወጥታለች። መጥረጊያው ከአልጋው ሥር አንድ ነገር መታ። ጎንበስ ብላ ጎተተችው፤ አፉ በገመድ የታሰረ የሸራ ከረጢት። እጇን ሰደደች። ክብ ነገር ዳሰሰች። ሐብሐብ መሰላት። ይቺ ልጅ ሐብሐብ አልጋ ሥር ምን ልታደርግ አስቀመጠች ብላ አወጣችው።

ሐብሐቡ ሁለት የዓይን ጉድጓድ ነበረው። ጥርስም ነበረው።

«በስመ አብ ወወልድ!»

ጩኸቷን ሰምታ የኔነሽ በአጥር ተንጠላጥላ መጣች። ከረጢቱን ከሩቅ አይታ አፏን በሻሿ ያዘች። «ይኸው! ኩላሊቱን ሸጠው አጥንቱን አንቺ ቤት ደበቁት! ፖሊስ ጥሪ!»

«ፖሊስ?» አለች ወርቅውሃ። «የመኖሪያ ወረቀት አለኝ ስላቸው እንኳ የማያምኑኝን ሰዎች፣ የሰው ራስ ይዤ ልቀበላቸው? ምን ልበላቸው? ስጠርግ አገኘሁት?»

የኔነሽ ይቺን አላሰበቻትም። ልጆቿ ብቻቸውን መሆናቸው ድንገት ትዝ አላትና በመጣችበት አጥር ተመለሰች።

ሚያር ፎቶዋን ይዛ እየዘለለች ስትገባ እናቷ አልጋው ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ከረጢቱ አጠገቧ ነው፤ አንሶላ አልብሳዋለች።

«ነገ የትም አትሄጂም» አለቻት።

ሚያር አለቀሰች፣ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ «ማማ የኔ ነገ ነው! ሌላ ነገ የለም!» አለች። እናትዬው ወይ ፍንክች። ልጅቷ ያላት አማራጭ አንድ ነበር፤ ስልክ ደወለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወላእና ሙአየድ በረክሻ እየበረሩ ደረሱ። ዝናብ ያጨቀየው የቡሪ መንገድ እስከ ጉልበታቸው ቀብቷቸዋል።

ወርቅውሃ አንሶላውን ገለጠችው። «ይኼ ማን ነው?»

«ማጥኛ ነው ያ ኻልቲ» አለች ወላእ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «የአጥንት ትምህርት…»

«ምን እንደሆነ አልጠየቅሁሽም። ማን እንደሆነ ነው የጠየቅሁሽ።»

ሙአየድ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኛ ጋ ልማድ አለ፣ ያ ኻልቲ። አጥንቱን ትልቁ ለታናሹ ያወርሰዋል። ወላእ ከእኔ ወሰደች፤ እኔ ከዶክቶራ ሉጥፊያ ወሰድኩ፤ እሷም ከሌላ። አይሸጥም። ለሚያር ቀድመን ያመጣንላት ዓይኗ እንዲለምድ ነው። መጀመሪያ ሳምንት ስንቱ ተዝለፍልፎ ይወድቃል መሰለሽ! እኔ ራሴ ወድቄያለሁ።»

«ሁለት ጊዜ ነው የወደቀው» አለች ወላእ።

«አንድ ጊዜ! ሁለተኛው ፆም ነበር!»

ወርቅውሃ አልሳቀችም። «ሉጥፊያ ከሌላ፣ ሌላው ከሌላ። የመጀመሪያውስ ከማን ወሰደ? ይኼ ሰው እናት የለውም? ለቅሶ ተቀምጠውለታል? እስላም ነው ክርስቲያን?»

ሙአየድ ጭቃ የጠገበ ጫማውን አየ። አንዴ ወላእን፣ አንዴ ከረጢቱን አየ። «አላውቅም፣ ያ ኻልቲ» አለ በመጨረሻ። «ወላሂ አላውቅም። ጠይቄም አላውቅም።»

ይኼኔ ነው እንግዲህ ተአምሩ! ወርቅውሃ የልጁን ፊት ለረጅም ጊዜ መረመረች። ሱቅ ዐረቢ ላይ ሻንጣዋን የወሰደው ልጅ ለሁሉ ነገር መልስ ነበረው። ሌባ አላውቅም አይልም። ሌባ ቢሆን ስም ይፈጥርለት ነበር፤ እናትም አገርም ይፈጥርለት ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ቃል ሆዷ ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ ተሰማት።

ቢሆንም ወርቅውሃ ወርቅውሃ ናት። «ስም የሌለው እንግዳ ቤቴ አያድርም» አለች።

«ማማ፣ እኛ ስም እንስጠው» አለች ሚያር ዓይኗን እየጠረገች።

እናትዬው ራስ ቅሉን አየችው። «ሃይማኖቱን አናውቅ፣ አገሩን አናውቅ። ከሁላችን እንደሚቀድም ግን እናውቃለን። ከቢር፣ ታላቅ፣ ይባል።»

«የአባቴ ስም!» አለች ወላእ አፏን ከፍታ።

«እንግዲያማ አባትሽን እንደምታከብሪ አክብሪው! አባት ከረጢት ውስጥ እንደ ሽንኩርት ይታሰራል?»

ተነስታ ከሪያድ መጋረጃ የተረፈ ነጭ ጨርቅ አወጣች፣ መኪናዋ ላይ ተቀመጠች፣ ንጹሕ ከረጢት በድርብ ስፌት ሰፋች። ስትጨርስ ራሷ፣ በገዛ እጇ፣ በቀስታ አጥንቶቹን አንድ በአንድ አስገባቻቸው፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ ለልጆቹ ያለ ልማዷ ሻይ አፍልታ ሰጠችና «በሉ ያላ፣ ያንን ጥያቄ ድገሙት፤ ልስማ» አለች።

«ለምን ሐኪም መሆን ፈለግሽ?» አለች ወላእ።

«የሰው ልጅን ለማ…»

«አላመንኩሽም። ድገሚ።»

ሚያር ሌላ ሞከረች። «አላመንኩሽም።» ሦስተኛ ሞከረች። ሙአየድ በሳቅ ሻዩን ሊደፋው ደረሰ። «ወላሂ ከዚች ሴት ያመለጠ ማንንም መምህር አይፈራም» አለ። ሚያር ግን አልሳቀችም፤ ነጩን ከረጢት ታይ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እናትና ልጅ ሃፍላ በሚሉት አውቶቡስ ተሳፍረው ሄዱ። ወርቅውሃ የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ ጀርባዋን ለማንም ሳትሰጥ ተቀመጠች። ወላእና ሙአየድ የሕክምና ትምህርት ቤቱ ደጅ ላይ ሰማያዊ ቲሸርት ለብሰው፣ አዲሶቹን ልጆች ውሃ እያጠጡ፣ አይዟችሁ እያሉ ይቀበሉ ነበር። ወርቅውሃ ግቢው ውጭ የኒም ዛፍ ሥር ከሌሎች እናቶች ጋር ቆመች። አንዷ «ኢንሻአላህ ልጅሽ ታልፋለች» ስትላት «ማን ልበል?» ብላ ስሟን ከነአባቷ ተቀበለቻት።

ሚያር ስትወጣ ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም። እናቷ እጇን ያዘቻት።

«ምን ጠየቁሽ?»

«ለምን ሐኪም አሉኝ። መጀመሪያ የወላእን ልል ነበር… ከዚያ ያንተ ፊት መጣብኝ፣ አላመንኩሽም የሚለው።»

«እና?»

«አባቴን ያየው ሐኪም ስሙን አልነገረንም አልኳቸው። እኔ ሐኪም ስሆን በሽተኛ ጋ ስሄድ መጀመሪያ ስሜን እናገራለሁ፤ ከዚያ የሱን እጠይቃለሁ አልኩ። ሌላ ነገር ጠፋብኝ ማማ።»

«እነሱስ?»

«ሦስት ነበሩ። መሀል ያለው ሽማግሌ ከወንበሩ ተነሳ። እጁን ዘረጋልኝና ስሙን ነገረኝ። ኢንሻአላህ ትምህርት ሲጀመር እንገናኛለን አለኝ።»

ወርቅውሃ የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ አደረገች። ከዚያ ቀና ብላ፣ የግቢውን በር በጥርጣሬ እያየች፣

«የአባቱንስ ስም ነገረሽ?» አለች።