በሰው ማሊያ

በዚያ ዓመት ብዙ ጨዋታ አሸነፍን። አብዛኛውን ያሸነፍነው ግን ማንም ሳይመጣብን ነው።

ንፋስ ስልክ ውስጥ በነበረ አንድ የሳሙና ፋብሪካ በእሽግ ክፍል እሠራ ነበር፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ለፋብሪካው የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን እጫወታለሁ። ሜዳችን እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከመጋዘኑ ጀርባ የተለሰነ ሲሚንቶ ነው። ደርግ ከመውደቁ በፊት በአገሪቱ ሊግ ስንጫወት ሰው መቆሚያ አጥቶ መጋዘኑ ጣሪያ ላይ ይወጣ ነበር። ከፈረቃ የወጣው ሁሉ ቱታውን ሳያወልቅ ይመጣል፤ የጎፋ ልጆች አጥር ዘለው ይገባሉ፤ ዳኛው ያለ አግባብ ከነፋብን እናቱ ሳትቀር ትሰደባለች። ከዚያ መንግሥት ተቀየረ፤ ፋብሪካዎች አንድ በአንድ ይሸጡ ጀመር። አዲስ ገዢ ሲገባ መጀመሪያ የሚዘጋው የስፖርት ክፍሉን ሆነ። ተመልካቹም እሑዱን ለእግር ኳስና ለቪዲዮ ቤት ሰጠ። ሊጉ ሞተ ብሎ ያረዳን ሰው የለም። ለሞተ ሰው እንኳ ይለቀስለታል።

ተጋጣሚ ከቀረ ፎርፌ ነው። ዳኛው አሥራ አምስት ደቂቃ ይጠብቃሉ፤ እኛ ማሊያችንን ለብሰን ሜዳ ውስጥ እንቆማለን፤ ካልመጡ ፊሽካ ይነፋና አሸንፋችኋል እንባላለን። አሰልጣኛችን ግን ዝም ብሎ መገተር አይወድም። «ሰውሽን ያዢ!» ይለናል። እያንዳንዳችን የምንይዛት ልጅ ብትመጣ ኖሮ የምትቆምበት ቦታ አጠገብ መቆም አለብን። ለመጣው ብቻ ሳይሆን ለቀረውም ክብር ነው ይል ነበር። እኔ የምይዛት ከአንድ ክር ፋብሪካ የምትመጣ ግራኝ ነበረች። ዳኛው ዞር ሲሉ ወገቤን ትቆነጥጠኛለች፤ ጨዋታው ሲያልቅ ደግሞ አቅፋ ትስመኛለች። ፋብሪካዋ ከተዘጋ በኋላ የት እንደገባች አላወቅሁም። ባዶው ቦታ አጠገብ ስቆም ወገቤን ውርር ያደርገኝ ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። እስከ ዛሬ በሕልሜ ትመጣለች። ፊቷ አይታየኝም፣ ማሊያዋ ብቻ ነው የሚታየኝ፤ እኔም እፈራታለሁ።

ከሁላችንም ይልቅ ቡድኑ የግድ የሚያስፈልጋት አንዲት ልጅ ነበረች። ረጅሟ ነው የምንላት። ላፍቶ ገና ማሳ በነበረበት ጊዜ ከገበሬ ቤት የተገኘች ናት። አሰልጣኙ ጭድ በአህያ ጭና ወደ ቄራ ስትወርድ አይቷት፣ ተከትሏት ቤቷ ድረስ ሄደ። አባቷ «ኳስ ምን ያበላል?» ቢሉት፣ «ደመወዝ አለው አባባ» ብሎ ስንት ጊዜ ደጃቸው ተመላልሶ አመጣት። እኛ በሙያ የገባን ስለሆንን ቡድኑ ቢፈርስም ሳሙናው አይቀርብንም። እሷ ግን እሽግ ክፍል ከጎኔ ብትሠራም በስፖርት የተቀጠረች ናት፤ ቡድኑ ከፈረሰ ትባረራለች። በኋላ አባቷ አልጋ ላይ ቀርተው ስለነበር እሳቸውም ታናናሾቿም የሚኖሩት በእሷ ደመወዝ ነበር።

አዲሱ ባለቤት ያመጣው ሥራ አስኪያጅ ገና እንደገባ በስፖርት የተቀጠሩት ይሰናበቱ አለ። አሰልጣኛችን ደጅ ጠንቶ ጠንቶ አንድ ተስፋ ይዞ መጣ። ሰውየው እሑድ መጥቶ ያያል፤ ደህና ቡድን ከሆነ ይቆያል። ያን ሳምንት ረጅሟ ምሳዋን በወጉ አልበላችም።

«ተጋጣሚዎቹ ባይመጡስ?» ትለኛለች ሳሙና እያሸገች።

«ይመጣሉ።»

«ባይመጡስ እኮ ነው የምልሽ! ተገትረን ሊያየን ነው?»

እሑድ ተጋጣሚዎቻችን ጫማ ፋብሪካዎች መጡ። የመጡት ግን አራት ሆነው ነው።

አምስት ካልሞሉ ጨዋታ አይጀመርም። የቀረችው ቅርጫቱ ሥር የምትቆመው ሴንተራቸው ናት፤ ለካ በሳምንቱ መሃል ቤይሩት ሄዳለች። ማሊያዋና ቴሴራ የምንለው፣ ፎቶው የደበዘዘ የተጫዋችነት መታወቂያዋ ግን ቦርሳቸው ውስጥ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ከሠራተኛው ክበብ በወጣለት ወንበር ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። አሰልጣኛችን አምበላቸውን ከመጋዘኑ ጥግ ወስዶ «አንድ ልጅ ላበድራችሁ» አላት። መቼም እኛ እንዲህ ነበርን፤ ሽንኩርት ቢጎድል ከጎረቤት፣ ተጫዋች ቢጎድል ከተጋጣሚ። በልምምድ ጨዋታ ሁልጊዜ የምናደርገው ነው። በውድድር ግን ክልክል ነው፤ ከተነቃ ቡድኑም ተጫዋቾቹም ይታገዳሉ። ሽማግሌው ዳኛ ሁላችንንም ያውቁናል፤ ግን ጨዋታ ናፍቋቸው ነበርና አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ቴሴራ የሚያጣራው የጨዋታው ኮሚሽነር ደግሞ ያን ቀን የተመደበ አዲስ ሰው ነው፤ ማንንም አያውቅም።

ማሊያውን መጀመሪያ እኔ ለበስኩት፤ ጉልበቴ ደረሰ። ሌሎቹም ሞከሩት፤ ቀሚስ ሆነባቸው። ለኮሚሽነሩ ዓይን እንዳያስቅ ሆኖ ልክ የመጣው ለረጅሟ ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ እኔን ሊያይ አይደል እንዴ የመጣው?» አለችው።

«ዋናው ጨዋታ ማየቱ ነው። ካልተጫወትን ምኑን ያያል? ሲያልቅ እኔ አስረዳዋለሁ።»

«ይሄ ነገር አልጣመኝም» አልኩ እኔ።

«አንቺን ደግሞ ምን ጥሞሽ ያውቃል!» አለኝ።

ገባን። አሰልጣኙ ቀስ እያልሽ ተጫወቺ ብሎ በጆሮዋ ነግሯት ነበር፤ እሷ ግን ቀስ ማለት አልፈጠረባትም። ቅርጫቱ ሥር ቆማ የምንወረውረውን ሁሉ ከአየር ላይ ትለቅመዋለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ከጎኔ እንጂ ከፊት ለፊቴ አይቻት አላውቅም፤ አስፈራችኝ። በዚያ በሰው ማሊያ ውስጥ የማውቃት ልጅ አልመሰለችኝም፤ ቤይሩት የሄደችው ራሷ ተመልሳ የመጣች መሰለኝ። የክበቡ ወጥ ሠሪ ረስተው «ጎሽ የኛ ልጅ!» ብለው ሲጮሁ ዘበኛው ጎሸም አደረጋቸው። ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ተነስቶ አጨበጨበ። ተሸነፍን።

ሰውየው ሜዳ ገብቶ በቀጥታ ወደ እሷ ሄደ። እጇን ጨብጦ «ጎበዝ! የት ነው የምትሠሪው?» አላት። ኮሚሽነሩ አጠገባቸው ቆሞ ቴሴራዎቹን እያየ ይመልሳል። አራቱ የጫማ ፋብሪካ ልጆች ዓይናቸውን እሷ ላይ ተክለዋል፤ እነሱም እንደ እሷ በስፖርት የገቡ ናቸው። አፏን ስትከፍት አየሁ። ወደ እነሱ ዞር ብላ ስትዘጋውም አየሁ።

«ጫማ ፋብሪካ» አለች።

ሰውየው ወደ አሰልጣኛችን ዞረ። «እናንተ እንዲህ ያለች አንድ እንኳ የላችሁም። ታዲያ ምን ብዬ ነው የማቆያችሁ?» አሰልጣኙ ኮሚሽነሩን አየና ላቡን ጠረገ።

ሰኞ ጠዋት አሰልጣኙ የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቶ እውነቱን ነገረው። ሰውየው «ሽንፈት ሲመጣ ተረት አይጠፋም» ብሎ ሳቀበት። እንግዲያው ራስሽ ሄደሽ ፊቱ ቁሚ፣ አይቶ ይመን አልናት ረጅሟን። «እኔ ነኝ ካልኩ ነገሩ ይወጣል፣ ልጆቹም ይታገዳሉ። የነሱን እንጀራ ዘግቼ የራሴን ልበላ?» አለች። ተናድጄ አኮረፍኳት። ደግ ሰው ያናድደኛል፤ ዛሬም ያናድደኛል። የስንብቱ ደብዳቤ በወጣበት ዕለት የጫማ ፋብሪካው ቡድንም መፍረሱን፣ አራቱም ልጆች መሰናበታቸውን ሰማን። ማን ይንገራት ስንባባል ቆይተን እኔው ነገርኳት። «እሺ» አለች።

ሜዳው አሁን የለም፤ መጋዘኑ ሲሰፋ ዋጠው። ዛሬ ጀሞ ነው የምኖረው፤ ታክሲ በዚያ በኩል ሲያልፍ ሲሚንቶ ላይ የሚነጥር ኳስ እሰማለሁ። እውነቴን ነው፤ አንድ ቀን ረዳቱን ትሰማለህ ወይ ብዬው አበደች ብሎ አየኝ። ከሁሉ በላይ ግን የምሰማው የእሷን ድምፅ ነው፤ እሱ ደግሞ የሜዳ ሳይሆን የአስተዳደር በር ላይ ድምፅ ነው።

የሚወጡት ሠራተኞች እዚያ ተሰልፈው የፋብሪካውን ንብረት ያስረክቡ ነበር። እኔም ኩርፊያዬን ትቼ ልሸኛት ወጣሁ። ሰማያዊ የሥራ ጋዋኗን እንደለበሰች ነው፤ ጭንቅላቷ ከሰልፉ በላይ ይታያል። ሥራ አስኪያጁ በዚያ ሲያልፍ ቆመ፤ ቀና ብሎ አያትና ፊቱ በራ።

«አንቺ! የጫማ ፋብሪካዋ ልጅ አይደለሽም እንዴ? እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ጋዋኗን አወለቀች፤ አጣጥፋ ለንብረት ክፍሉ ሰው ሰጠችው።

«ሳሙና አሽግ ነበር ጌታዬ» አለችው።