ኤውዶሲያ ያሰላችው ባሕር

ኤውዶሲያ ኮትሪና በፔሩ ጠረፍ ከአሳ አጥማጆች ተወልዳ፣ ሊማ ስታቲስቲክስ ተምራ፣ በወደቧ የባሕር ጥናት ቢሮ የተቀጠረች የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። ባሕር ውስጥ ያለን አሳ ማንም ገብቶ አይቆጥረውም። እሷ ግን በዕጣ ከወጡ ቦታዎች ጥቂት ጥቂት እያስጠመደች የቀረውን የምትገምትበት ስሌት አበጀች። በየጉባኤው ሲቀርብ የአለቃዋ የዶን ሌዎንሲዮ ባሬዳ ተባለ። እሷ «ረዳቴ» ነበረች።

አንድ ዓመት ስሌቱ ክፉ ነገር አሳያት። ፋብሪካዎቹ ለከብት መኖ ዱቄት የሚፈጩት ትንሹ አሳ፣ አንቾቬታ፣ እያለቀ ነው። የጀልባ አዛዥ ለሆነው ወንድሟ ለፌርሚን ምሳ ላይ ነገረችው።

«መረቤ ከሙላቱ የተነሳ ሊበጠስ ነው፣ አንቺ አሳ አለቀ ትይኛለሽ?» አላት፣ እየጎረሰ።

«ስለበዛ መስሎሃል? የሚኖርበት ቀዝቃዛ ውሃ ጠቦበት የተረፈው ሁሉ እናንተ ደጃፍ ተፋፍጎ ነው። ከኋላው የሚመጣ የለም።»

«ሂጂ ወዲያ! ሊማ የላክንሽ ሟርት ተምረሽ እንድትመጪ ነው እንዴ?»

ያገኘችውን በጽሑፍ ብታቀርብ ቢሮው ፋብሪካዎቹን ማስቀየም ፈራ። ዶን ሌዎንሲዮ መደምደሚያዋን ሰርዞ «አሳው ሞልቷል» የሚል አስገባና፣ በሥራ ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ አዘጋጅ ብሎ የእሷን ስም አሳተመ።

«ስሜን ከዚህ ጽሑፍ ላይ አውጡልኝ!» አለችው።

«ስሜ አልወጣም ብለሽ ስታኮርፊ አልነበር? ይኸው ወጣልሽ» አላት።

ወደቡ ድረስ ሄዳ ጽሑፉ የእሷ እንዳልሆነ ብትምል አጥማጆቹ ሳቁባት። ፌርሚን ትልቅ ጀልባ ለመግዛት ቤቱን ሸጧል።

«በጽሑፍ ሌላ፣ በአፍሽ ሌላ! የቱን ልመን?» አላት።

የታተመውን አምኖ ጀልባውን ገዛ።

በዓመቱ፣ አልፎ አልፎ ጠረፉን የሚያጥለቀልቀው ሞቃት የባሕር ውሃ መጣ፤ መረቡ ሁሉ ባዶውን ወጣ። ፔሊካን የሚባሉት አሳ በሊ ትልልቅ ወፎች በረሃብ በየመንገዱ ወደቁ። ዶን ሌዎንሲዮ ለጋዜጠኞች «ጽሑፉን ያዘጋጀችው እሷ ናት» ብሎ ውጭ አገር ሊያስተምር ሄደ። ኤውዶሲያ ተባረረች፤ ሰፈርተኛው የበሰበሰ ወፍ እያመጣ ደጇ ላይ ጣለባት። ስሌቱ ግን ተረፈ። ዛሬ በብዙ ባሕር ማጥመድ የሚከለከልበትና የሚፈቀድበት ጊዜ የሚወሰነው በእሱ ነው። «የባሬዳ ዘዴ» ይሉታል።

ፌርሚን ጀልባውን ጥሎ ተራራ ላይ ማዕድን ሲቆፍር ሳንባውን ታሞ ተመለሰና ሞተ። ቀብሩ ላይ ሚስቱ ኔሊዳ ኤውዶሲያን መንገድ ዘጋችባት።

«አሳ ሞልቷል ብለሽ የጻፍሽለት አንቺ አይደለሽም? ደግሞ አበባ ይዘሽ መጣሽ?»

ኤውዶሲያ መልስ ነበራት፦ አስጠንቅቃው ነበር፤ ያልሰማት እሱ ነው። የወንድሟ ልጆች ከእናታቸው ኋላ ቆመው ሲያፈጡባት አየችና ዋጠችው። አበባውን ከመቃብሩ አጥር ሥር አኑራ፣ ሬሳው አፈር ሳይቀምስ ተመለሰች።