አማቴ ያወጣችልኝ ስም

ዛሬ አራዳ ገበያ የለጋ ቅቤ ሽታ ሲመጣብኝ አፍንጫዬን በነጠላዬ ያዝሁ። «እትዬ ቻይነሽ፣ ምነው?» አለችኝ ጎረቤቴ። «ምንም» አልኋት።

ማክሰኝት ከተማ አጠገብ በተዳርሁ ማግስት አማቴ አናቴን ቅቤ ቀባችኝና እንደ አገሩ ልማድ የሙሽራ ስም ልታወጣልኝ ዘመዶቿን ሰበሰበች። ቅቤው እየቀለጠ ከእንባዬ ጋር አፌ ይገባ ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ ስምሽ ቻይነሽ ነው» አለችኝ።

«ስም አለኝ» አልሁ።

«ነበረሽ!» ስትል ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔንም እንዲሁ አድርገውኛል፤ ሴት ቤቷን የምትለምደው ስሟን ስትረሳ ነው» አለችኝ።

አልረሳሁም። እህል ስፈጭ ስሜን ለራሴ እጠራው ነበር። ለመልስ ወደ እናቴ ቤት ስንሄድ፣ እሷ በስሜ ስትጠራኝ ልሰማ ቸኩዬ ከበቅሎዬ ልወድቅ ደረስሁ። እናቴ ደጅ ድረስ ወጥታ አቀፈችኝ።

«ቻይነሽዬ፣ ደህና ሰነበትሽ?» አለችኝ። አማቴ አዲሱን ስሜን ቀድማ ልካባት ኖሯል።

አሁን ልጆቼ አድገዋል፤ መሳቅም ለምጃለሁ። ሰፈርተኛው ጥንካሬዬን እያነሳ «እንደ ስሟ ናት» ይላል። እውነት ነው፣ አማቴን ችያት ቀበርኋት። እናቴን ግን እስከ ዛሬ አልቻልኋትም።